የቃጭል አበባው መስመር

ባሏ ጌርጌይ በሞተ በዓመቱ፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ የቪልማ ድርቆሽ አለቀ። ላሟ ባዶ ግርግም ትልስ ጀመር። ዋርሳዋ ዴኔሽ ደግሞ በየቀኑ አጥሩን ተደግፎ «ላሟን ሽጪልኝና ተገላገይ» ይላታል። እሱ ምን አለበት? የእሱ በረት ጢም ያለ ነው!

የድርቆሽ መስኳን ሣር ያሳሳው ቃጭል አበባ ነው። ቢጫው ሲያዩት ደስ ይላል፤ ከስር ግን ሥሩን በሣሩ ሥር ላይ ሰክቶ ይመጠምጠዋል። በጂሜሽ ሸለቆ ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። ያም ሆኖ ፍሬው ደርቆ ሲንሿሿ ሳይሰማ ማጭድ የሚያነሳ የለም፤ የአጨዳ ጊዜ የሚታወቀው በዚያ ነዋ! እስኪንሿሿ ድረስ ግን ዘሩ ይረግፍና ለከርሞ ይበቅላል።

በሰኔ፣ አበባው ሳይጠወልግ ቪልማ ረጅሙን ማጭድ ይዛ ገባችበት።

«ኧረ ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ!» ሳቀ ዴኔሽ። «ገና አልተንሿሿም እኮ!»

«ሲንሿሿማ ወንድምህ ዕድሜ ልኩን ሰምቷል። ሰምቶ ምን አተረፈልኝ?»

«ሙት ወቃሽ!»

«አንተ ደግሞ ላም ናፋቂ። ዞር በል፣ ማጭዱ እንዳያገኝህ።»

ድርቆሹ ጥቂት ነበር፤ የጎደለውን የዛፍ ቅጠል አድርቃ ሞላችው። በመስከረም የድርቆሽ ቤቱን ስትጠርግ ከጥግ አንድ ጆንያ አገኘች። ጌርጌይ በመጨረሻው ዓመቱ ከወለሉ ጠርጎ ያስቀመጠው ዘር ነው። በአገሩ የድርቆሽ ቤት ጥራጊ አይጣልም፣ በሳሳው ሣር ላይ ይበተናል። የባሏ እጅ የነካው ነው። ምን ዘር እንዳለበት እንኳ ሳታይ ጆንያውን ታቅፋ፣ ከአጥሩ እስከ ወንዙ እየበተነች ሄደች።

በዓመቱ ሰኔ ሣሩ እስከ ጉልበቷ ደረሰ። መሃል ላይ ብቻ፣ እሷ በሄደችበት ልክ፣ አንድ ቢጫ መስመር ከአጥሩ እስከ ወንዙ ተዘርግቷል።

ቪልማ ክው አለች። ዴኔሽ መጥቶ አጠገቧ ቆመ፤ የወንድሙን ጆንያ ይዛ ስትበትን አይቷት ነበርና ነገሩ ገባው። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ይችንስ ተያት፣ ቪልማ» አለ ቀስ ብሎ። «የእጁ ናት።»

ብትተዋት በጥቂት ዓመት መስኩን ሁሉ ትውጠዋለች። ላሟ ከበረት ጮኸች። ቪልማ ማጭዱን በድንጋይ ሳለች።

«አውቃለሁ፣ የእጁ ናት» አለች። «ለዚህ ነው ከእኔ ሌላ ሰው የማያጭዳት።»

እንባዋ እየወረደ ከአጥሩ ጀመረች። የቀረውን ሣር ሳትነካ፣ ያቺን መስመር ብቻ እስከ ወንዙ አጨደች።