ውሃ የመጣ ቀን

«እርስዎ ለሟች ምን ይሆናሉ?» አሉት አጠገቡ የተቀመጡት አሮጊት፣ የንፍሮውን ሳህን እያቀበሉት።

«ወንድሟ ነኝ።»

«ወንድም ነበራት እንዴ?» አሉና በራሳቸው ጥያቄ አፍረው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ፍትዊ ከንፍሮው ቆንጠር አድርጎ ሳህኑን ወደ ቀጣዩ ሰው አሳለፈ። አልተከፋም። በእሳቸው ቦታ ቢሆን እሱም ይህንኑ ይጠይቅ ነበር።

ቀኑ ሐሙስ ነው። ኣምለሰት ትናንት ተቀብራለች። ድንኳኑ የቆመው አያት ኮንዶሚኒየም፣ እሷ ትኖርበት ከነበረው ብሎክ ደጃፍ ነው። ፍትዊ ከቦሌ ሲመጣ ሁሉን ነገር ራሱ ሊያሰናዳ አስቦ ነበር፤ ሲደርስ ግን ወንበሩ ተደርድሯል፣ ድስቱም ተጥዷል። የዕድሩ ዳኛ አቶ ተክለብርሃን ትከሻውን ይዘው፣ «እርስዎ ሐዘንተኛ ነዎት፤ ይቀመጡ» አሉት። ከዚያ ወዲህ ሥራው መቀመጥ ብቻ ሆነ።

ከኋላው ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«ቤቱን ይሸጡታል እንግዲህ።»

«ያከራዩታል እንጂ።»

የኋለኛዋ እውነቷን ነው። ለነገ ስድስት ሰዓት ደላላ ቀጥሯል።

ኣምለሰት የስድስት ዓመት ታላቁ ናት። እናታቸው አዲግራት ስትሞት እሱ ገና አንደኛ ክፍል ነበር፤ ፊቱን አጥባ፣ ደብተሩን አስይዛ ትምህርት ቤት የምታደርሰው እሷ ነበረች። በኋላ አዲስ አበባ መጥታ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠራች። አምና ጡረታ ስትወጣ ፍትዊ ቦሌ ወዳለው ቪላው ወሰዳት። መታጠቢያው ለብቻው የሆነ፣ መስኮቱ ወደ አትክልቱ የሚያይ ሰፊ ክፍል ሰጣት። ሁለት ወር ቆየች። አንድ ጠዋት ሻንጣዋን ዘግታ ሳሎን ተቀምጣ አገኛት።

«ምን ጎደለብሽ?» አላት።

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«ቤቴ ልሂድ፣ ፍትዊ።»

ሌላ ምክንያት አልሰጠችውም። እሱም አኮረፈ። ከዚያ በኋላ የሚደዋወሉት በዓል ሲሆን ብቻ ነበር።

አመሻሹ ላይ ልብስ ሊቀይር ወደ እሷ ቤት ወጣ። ሸሚዙን ሳይቆልፍ በሩ ተንኳኳ። አራተኛ ፎቅ የምትኖረው የባንክ ሠራተኛ ወርቅዬ ነበረች።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ጊዜው አይደለም። ቁልፌን ልወስድ ብዬ ነው።»

«የምን ቁልፍ?»

ወደ ማድ ቤቱ ግድግዳ አመለከተችው። አንድ ሚስማር ላይ ዘጠኝ ቁልፎች ተንጠልጥለዋል፤ በእያንዳንዳቸው ላይ የታሰረ ካርቶን አለ፤ በካርቶኑ ላይ የቤት ቁጥር በእህቱ የእጅ ጽሑፍ።

«እዚህ ውሃ ማክሰኞና ዓርብ ነው የሚመጣው፤ ያውም ቀን ቀን» አለች ወርቅዬ። «እኛ ሥራ ነን። እትዬ እየከፈቱ በርሜላችንን ይሞሉልን ነበር። ልጅ የታመመበት ካለም ገብተው ያዩለታል። ቦሌ ሰንብተው ሲመለሱ ጊዜ ምነው ብንላቸው፣ ‹ወንድሜ ቤት ሁሉም ሙሉ ነው፤ የምሞላው አጣሁ› ብለው ሳቁ።»

ፍትዊ ሸሚዙን ሊቆልፍ ሞከረ፤ ቁልፉ ከቀዳዳው አልገጥም አለው።

«መሞታቸውንም ያወቅነው በዚሁ ነው» አለች፤ ድምጿ ቀነሰ። «ማክሰኞ ማታ ከሥራ ስገባ በርሜሌ ባዶ ነው። ጎረቤቴን ብጠይቃት የእሷም ባዶ። ሮጠን ወረድን።»

ወርቅዬ እጇን ወደ ሚስማሩ ዘርግታ መለሰችው።

«ይቆይ ግድ የለም» ብላ ወጣች።

ዓርብ ረፋዱ ላይ፣ ቀሳውስቱ ጸሎት አድርሰው ሲሄዱ ድንኳኑ ፈረሰ። ሰዉ ወደየሥራው ተበተነ። ፍትዊ የእህቱን ልብሶች አጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ እየከተተ ሳለ ማድ ቤት ያለው ቧንቧ አየር ተፋ፤ ሁለት ሦስቴ አስነጠሰና ውሃ ማውረድ ጀመረ።

ቆሞ አዳመጠው። ስልኩ ጠራ።

«ጋሼ፣ ደላላው ነኝ። ሰው ይዤልዎት ከታች ደርሻለሁ።»

«ዛሬ አይሆንም» አለው።

«ለስንት ሰዓት ልመልሰው?»

«ሥራ ይዣለሁ» ብሎ ዘጋው።

ኮቱን አውልቆ ዘጠኙንም ቁልፎች ይዞ ወጣ። የወርቅዬ በር ግትር ነበር፤ ትንሽ ወደ ራሱ ሳብ ሲያደርገው ተከፈተለት። ወደማያውቀው ማድ ቤት ገብቶ የውሃውን ጎማ በርሜሉ ውስጥ ከተተና ቧንቧውን ከፈተ። ሲሞላ ቶሎ አልዘጋውም፤ ውሃው አፉን አልፎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። መጥረጊያ ፈልጎ አጣ። ለለቅሶው ብሎ ይዞት የመጣውን፣ ሦስት ቀን ሙሉ ኪሱ ውስጥ እንደተጣጠፈ የቆየውን መሐረብ አወጣና ተንበርክኮ ወለሉን ጠረገ። ጨመቀው፤ እንደገና ጠረገ። ከዚያ በርሜሉን ከደነና በሩን ቆልፎ፣ የሚቀጥለውን ካርቶን አነበበ።