ሁለተኛው አሜን

ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቻለሁ። ስልሳ ሕፃን ከኋላዬ እየተንጫጫ፣ ዞር ሳልል ማን ማንን እንደቆነጠጠ አውቅ ነበር። ስለዚህ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የቁምስናችን ቄስ አባ ሬሚ እሑድ ቁርባን እንዳቀብል፣ ቤታቸው ለዋሉ ሕሙማንም እንዳደርስ ሲጠይቁኝ አላንገራገርኩም። እኔ ኦዴት ያልቻልኩትን ማን ይችላል?

አባ ሬሚ አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ነገሩኝ። ቁርባን ማቀበል እችላለሁ፣ መባረክ ግን አልችልም። ቡራኬ የቄስ ነው። መቁረብ ያልተፈቀደለት ሰው እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ፊቴ ከቆመ፣ «ጌታ በልብህ ይደር» ብዬ አሳልፈዋለሁ እንጂ እጄን አላነሳበትም። ነገሩ ቅር ቢለኝም ታዘዝኩ።

በየወሩ የመጀመሪያው ዓርብ የመጨረሻ ቤቴ የማዳም ፍሎሬት ቤሊል ነው። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት አልፎታል፣ ጆሯቸው ግን የድመት ነው። ዘጠኝ ልጆች ወልደዋል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና አንዷ መነኩሲት ናት፣ አንዱ ሁለት ጊዜ ታስሯል፣ የበኩር ልጃቸው ኖርማን ደግሞ የክፍለ ግዛታችን ሴናተር ነው። እኔና ኖርማን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ መነኮሳይት በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ነው ያደግነው። ሹሩባዬን ይጎትት ነበር፣ እኔም በማስመሪያ ጣቱን እለው ነበር። ሴናተር ሲሆን ያ ሁሉ አልተረሳም።

አባቱ አልዴዥ በወንዙ ዳር ባለው የጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ጎረቤታቸው ስለነበርን በልጅነቴ በጥር አንድ፣ በአዲስ ዓመት ጠዋት፣ በወጥ ቤታቸው በር አሾልኬ አይ ነበር። ዘጠኙ ልጆች በተርታ ተንበርክከዋል፣ አልዴዥ ቀለም የነከረው ሰማያዊ እጁን ይዞ ቆሟል። አያቶቻችን ከፈረንሳይኛ ተናጋሪዋ ኩቤክ ድንበር ተሻግረው ሲመጡ ይዘውት የመጡት ልማድ ነው፤ በዚያ ጠዋት አባት ልጆቹን ይባርካል፣ ግን በኩሩ ካልለመነው እጁን አያነሳም። ኖርማን ይለምን ነበር። አልዴዥ ከሞተ ወዲህ ግን፣ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በዚያ ቤት ማንም ማንንም አልለመነም።

ኖርማን ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው። በመጀመሪያው ዓርብ ምክር ቤቱን አስጠብቆም ቢሆን ከአልጋቸው አጠገብ ይንበረከካል። እኔ ቁርባኑ ያለባትን ትንሿን ወርቅ ቅብ ሣጥን እከፍትና «የክርስቶስ ሥጋ» እላለሁ፣ እሳቸው «አሜን» ይላሉ። ሣጥኑን እዘጋለሁ፤ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ፣ በር ሳልዘጋ አልንቀሳቀስም። እንደገና ከፍቼ ወደ ኖርማን እዞራለሁ፣ እሱም «አሜን» ይላል። ማዳም ፍሎሬት ይህን ጊዜ አንሶላውን ጨብጦ የቆየውን እጃቸውን ይለቁና «ሁለት» ይላሉ። ቀናቸው የሚሞላው በዚያ ነው።

ሰኔ ላይ ጉድ መጣ። ፅንስ ማቋረጥን በክፍለ ግዛታችን በሕግ የሚያስከብር ረቂቅ ቀረበ፣ ኖርማንም ተነስቶ ደግፎ ተናገረ፣ ድምፁንም ሰጠ። በቴሌቪዥን አየሁት። ወዲያው ደወልኩና ከዘጠኝ ልጆች ቤት ወጥተህ እንዴት እንዲህ ትላለህ ብዬ አፈጠጥኩበት። እሱም ከመራጮቹ ስለ አንዷ ነገረኝ፤ ሐኪሞቹ ፅንሱን ማውጣት ይፈቀድ እንደሆነ ጠበቃ ሲያማክሩ ደሟ ሲፈስ ስላመሸች ሴት፣ እሱ ራሱም ከባሏ ጋር ኮሪደር ላይ ስለ መቀመጡ። ለእሷ የሚሆን ሕግ ለብቻው ይጻፋል፣ በሩን በሙሉ መበርገድ ለምን አስፈለገ አልኩት። ልሞክር ብል የሚጽፍልኝ አላገኘሁም አለ። እኩል ስልኩን ዘጋን። እስከ ዛሬ እሱም እንደዚያ ያምናል፣ እኔም እንደዚህ።

ጳጳሳችን ችኩል ሰው አይደሉም። ሁለት ጊዜ ጠርተውት አነጋግረውታል፣ በሁለተኛው ሁለት ሰዓት ሙሉ አብረው ተቀምጠዋል። በመጨረሻ በአደባባይ የደገፍከውን በአደባባይ እስክትተወው ድረስ ከቁርባን ራቅ አሉት። መስከረም ላይ ደብዳቤው ለቁምስናችን ደረሰ፣ አባ ሬሚም ቁርባን ለምናቀብለው ሁሉ አነበቡልን። እኔ ጮክ ብዬ «ትክክል ነው» አልኩ። ሣጥኑን የምይዘው እኔ መሆኔ ትዝ ያለኝ ቤቴ ስገባ ነው።

ጋዜጠኞች በሚቀጥለው እሑድ ካሜራቸውን ደግነው በር ላይ ቆሙ። ኖርማን ሄዶ ሲከለከል ሊቀርጹ ነው። እሱ ግን እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ በእኔ ሰልፍ መጣ። «ጌታ በልብህ ይደር» አልኩት፣ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። በር ላይ ሲጠይቁት መሠዊያ ፊት ቲያትር አልሠራም ብሎ ሄደ። ላዝንለት አልፈለግኩም ነበር፣ አዘንኩለት።

አንድ ነገር ለመነኝ፣ ለእናቱ እንዳልነግር። ያቺ ዓርብ ብቻ ናት የቀረቻት አለኝ። ጥቅምት ላይ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ጠፋ፣ ኅዳር ላይ ጉንፋን ይዞኛል አለ። ታኅሣሥ ላይ ግን ማዳም ፍሎሬት እጅጌውን ይዘው አልለቅም አሉ። ላፍታ ወደ ወጥ ቤት ጠራሁትና መላ ያልኩትን ነገርኩት።

«እኔ ቃሉን እላለሁ፣ አንተ አሜን በል። እሳቸው አያዩም።»

«ኦዴት፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው።»

«ፖለቲከኛ አይደለህ እንዴ? ምን አዲስ ሆነብህ?»

አልሳቀም። እኔ ግን ነገር ከጀመርኩ አልመለስም። ገብቼ ለእሳቸው አቀበልኩ። ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ ባዶ ጣቶቼን ወደ እሱ አነሳሁና «የክርስቶስ ሥጋ» አልኩ። ኖርማን አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው።

«ኖርማን?» አሉ እናቱ።

«ብርድ መቶኛል፣ እማዬ።»

«ብርድ አሜን አይከለክልም» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

በማግስቱ ሄጄ ተናዘዝኩ። ኃጢአቱ የራሴ ስለሆነ መናገር እችላለሁ። አባ ሬሚም የጳጳሱ ደብዳቤ ትክክል ነው ብላ የጮኸች ሴት እንዴት የጌታን ቃል በባዶ እጇ ላይ ትላለች ብለው ጠየቁኝ። ንስሐዬ እውነቱን ለማዳም ፍሎሬት መንገር ሆነ፣ አስቀድሞ ግን ልጃቸው ራሱ እንዲናገር ዕድል ልሰጠው።

የአዲስ ዓመት ዕለት፣ የእመቤታችንን በዓል አስቀድሼ ሣጥኑን እንደያዝኩ በቀጥታ ወደ እነሱ ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ በዚያው ሳምንት የማዳም ፍሎሬት ልብ እየደከመ ነው፣ ብዙ አይቆዩም ብሎ ነበር። ኖርማን የሥጋ ፓይ ምድጃ ውስጥ ከቶ ሽርጡን እንደታጠቀ በሩን ከፈተልኝ።

«ዛሬ ወይ አንተ ትነግራቸዋለህ፣ ወይ እኔ» አልኩት።

ሽርጡን ፈትቶ ገባ። ከአልጋው ግርጌ ቆሞ ሁሉንም ነገራቸው፣ ምክር ቤት እንደሚናገረው ሳይሆን እየተደናቀፈ። እኔም ተከትዬ የባዶ ጣቶቼን ነገር አወጣሁ።

«ያንን አውቄዋለሁ» አሉኝ። «የሣጥንሽ ክዳን አንዴ ብቻ ነው የጮኸው። ምክንያቱን ነው ያጣሁት።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ጳጳሱ ራሳቸው አነጋግረውሃል?»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ።»

«አንተስ?»

«አልተመለስኩም፣ እማዬ። ያላመንኩበትን ተመልሻለሁ ብል ለእሳቸውም ለእግዜርም መዋሸት ነው።»

ማዳም ፍሎሬት አንሶላውን ጨበጡ። «እንግዲያው እኔም አልቆርብም። አንተ እስክትቆርብ እጠብቃለሁ።»

ሣጥኑን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። የሚጠብቁበት ዕድሜ እንደሌላቸው ሦስታችንም እናውቃለን። ሳይቆርቡ ቢሞቱ ኖርማን ያንን ተሸክሞ ነው የሚኖረው፣ እኔም እንደዚሁ። ልቆጣቸው አፌን ስከፍት ኖርማን ቀደመኝ። ተንበርክኮ እጃቸውን ያዘ።

«የኔን ጾም አንቺ አትጾሚልኝም፣ እማዬ። ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ እኔው ልራብ። አንቺ ተቀበይ።»

«ተሳስተሃል» አሉት። «ዘጠኝ ልጅ ወልጄ ነው የምነግርህ። ጳጳሱ ቢቆጡ አግባብ ነው፣ እኔም ተቆጥቼሃለሁ።»

«አውቃለሁ። ተቆጪ፣ ግን ተቀበይ።»

ማዳም ፍሎሬት አፋቸውን ከፈቱ። «የክርስቶስ ሥጋ» አልኩ፣ እሳቸውም «አሜን» አሉ። ሣጥኑን ዘጋሁት። እጃቸው ግን አንሶላውን አልለቀቀም። ሁለተኛው አሜን እንደማይመጣ እያወቁ እንኳ ጆሯቸው ይጠብቃል።

ኖርማን ተንበርክኮ እንዳለ ወደ እኔ ዞሮ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣመረ። የተማርኩትን ቃል ልል ነበር። ያኔ የአልዴዥ ሰማያዊ እጅ ትዝ አለኝ።

«እኔ መባረክ አልችልም» አልኩት። «ዛሬ ግን ቀኑ ምን እንደሆነ ታውቃለህ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ይህ ሰው በየደጃፉ እየዞረ የማያውቀውን ሁሉ ድምፅህን ስጠኝ ብሎ ሲለምን ኖሯል። በዚህ ቤት ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልለመነም። ወደ አልጋው ዞረ።

«እማዬ፣ ባርኪኝ።»

የእናቱ አንድ እጅ ወዲያ ወዲህ እያለ ፈለገው፣ ጭንቅላቱን አገኘው። በአውራ ጣታቸው ግንባሩ ላይ መስቀል ሠሩ።

«እግዚአብሔር ይባርክህ። ከተሳሳትክ አንተን ይመልስህ፣ ከተሳሳትኩ እኔን ይመልሰኝ።»

«አሜን» አለ ኖርማን።

ሌላው እጃቸው አንሶላውን ለቀቀ።

«ሁለት» አሉ።