ቆሻሻ ውሃ ያልነካው ማጣሪያ

ዳይሬክተሯ ደሟ ፈላ። ሃያ ከሃያ ያገኘው የውሃ ማጣሪያ ሳይንስ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ መስታወቱ ተወልውሏል፣ እግሩ ቫርኒሽ ተቀብቷል። የአንድ አባት ወርክሾፕ ሥራ እንጂ የልጅ እጅ እንዳልነካው ዓይን ያለው ሁሉ ያውቃል። ከጎኑ ደግሞ ከተቆረጠ ጀሪካን የተሠራው፣ በፕላስተር የተጠጋገነው፣ ምስኪኑ ማጣሪያ። ሦስት ከሃያ። ኧረ እግዚኦ!

«ሦስት?» አለች። «የለምኒት ቡድን ሦስት?»

ለምኒት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ለምን?» ሳትል ስለማትውል ጓደኞቿ ያወጡላት ስም ነው። ዳይሬክተሯ ይህን ውጤት ዛሬ ካጸደቀችው ልጅቷ ክፍል ልትደግም ነው፤ አለቀ።

«ምን ላድርግ?» አለ የሳይንስ መምህሩ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ። «በኤግዚቢሽኑ ቀን፣ ያ ሁሉ እንግዳ ፊት፣ የሁሉም ውሃ ኩልል ብሎ ሲወርድ የነሱ ብቻ ሻይ መስሎ ወጣ።»

«ሁለት ወር ሙሉ ምን ሲሠሩ ነበር?»

«እሱን እንኳ... ፕሮጀክት አይደል? ራሳቸው ይሠራሉ። እኔ የማየው ያለቀውን ነው።»

ዳይሬክተሯ ጥግ ላይ የነበረውን ባልዲ አነሳች። ዝናብ በጣለ ቁጥር የግቢው ቧንቧ የሚተፋው ድፍርስ ውሃ ነው። ፕሮጀክቱ የተጀመረውም ልጆቹን ይህ ውሃ ስላንገሸገሻቸው ነበር። ወደሚያብረቀርቀው ማጣሪያ ጠጋ ስትል መምህሩ ዘሎ ፊቷ ተገተረ።

«ኧረ እንዳያፈሱበት! ይቆሽሻል!»

ያለውን የሰማው ካለው በኋላ ነው።

«ይቆሽሻል?» አለች ዳይሬክተሯ። «ማጣሪያ ነው እኮ ወንድሜ! ታዲያ በኤግዚቢሽኑ ቀን ምን ነበር የጨመራችሁበት?»

«የ... የታሸገ ውሃ።»

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም። ለምኒት ብቻ እምቢ አለች። የቧንቧው ካልሆነ ብላ ድርቅ!»

ጉድ በሉ እንግዲህ! ንጹሕ ውሃ ጨምረው ንጹሕ ውሃ ያወጡት ተጨበጨበላቸው፤ የምሯን የሞከረችው ልጅ ደግሞ ትውደቅ! ዳይሬክተሯ ባልዲውን ወለሉ ላይ ስትወረውረው ውሃው ጫማዋን አራሰው፤ ልብም አላለችው።

«መመዘኛውን እኮ ያጸደቁት እርስዎ ነዎት» አለ መምህሩ፣ አሁን እሱም ብው ብሎ። «የሚወጣው ውሃ ጥራት አሥር፣ ውበት አሥር። ስለሚገባው ውሃ ማን ምን አለ?»

ይሄኛው አጥንቷ ድረስ ዘለቀ። እውነቱን ነው። ኮሪደር ላይ ቆማ፣ ስልክ እያወራች ነበር የፈረመችው። እሱ ላይ ስታወርድ የነበረው ንዴት ዞሮ ራሷ ላይ ጉብ አለ።

«ጥፋቱ የኔም ነው» አለች። «ለዚህ ነው ዛሬ የማልፈርመው። አንድም ውጤት አይጸድቅም። ልጅቷን ጥራልኝ።»

ለምኒት መጥታ በሩ ሥር ቆመች፤ ስታለቅስ ስለዋለች ዓይኗ አብጧል። መምህሩ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ መዘዘ።

«እሺ፣ ስንት ልስጣት?»

«አስቀምጠው እሱን! እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እሷን ጠይቃት እንጂ! ምን ሞከረች፣ ምን አልሆነላትም፣ ምን ቀየረች? ሌሎቹንም እንደዚሁ፣ አንድ በአንድ ትጠይቃለህ። አባትየው የሠራለት ልጅ ምን እንደሚል አብረን እንሰማለን።»

መምህሩ እያጉረመረመ ወንበር ሳበና ልጅቷ ፊት ተቀመጠ።

«በይ እስቲ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«መጀመሪያ አሸዋውን ሳናጥበው ጨመርነው፤ ውሃው ጭራሽ ባሰበት» አለች ለምኒት። «አጥበን ስንሞክረው ትንሽ ጠራ። ከዚያ በላይ ግን እምቢ አለን። ምን እንደጎደለው ግራ ሲገባን...» ዞር ብላ ዳይሬክተሯን አየቻት።

«ንገሪው፣ የኔ ልጅ።»

«እርስዎ ጋ መጣን፣ ቲቸር። ‹ሲያልቅ አምጡት› አሉን።»