ማን አየ?

አትክልት ሻጯ የአንድ እግር ጫማዋ ተበጥሶ እየተጎተተች ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ሰፈሩ በሙሉ ቀድሟት ነበር። አንዱ የብረት በሩን በድንጋይ ይደበድባል፣ ሌላዋ ደረቷን ትመታለች። ዘበኛው ከውስጥ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ "ተረጋጉ! ኧረ ተረጋጉ!" ይላል። የሚሰማው ግን የለም።

መልእክቱ በየሰዉ ስልክ የገባው ጠዋት ነው። "አስቸኳይ! ዛሬ በትምህርት ቤቱ ክትባት ከተሰጣቸው ልጆች አምስቱ ራሳቸውን ስተዋል። መድኃኒቱ የተበላሸ ነው። ልጃችሁን አሁኑኑ አውጡ። ለምታውቁት ሁሉ አስተላልፉ።" ቲማቲም ስትመዝን አንዲት ደንበኛዋ ናት ያነበበችላት። ሚዛኑን እንኳ ባዶ ሳታደርግ ነው የሮጠችው። የልጅ ልጇ፣ ሚጢ የምትላት፣ እዚያ ትማራለች። የሚጢ አባት የጭነት መኪና ይነዳል፤ ከቤት ከወጣ ሰንብቷል። ቤቱን የያዙት እሷና ምራቷ ናቸው።

ምራቷ ፀጉር ሠሪ ናት። አትክልት ሻጯ ስለ እሷ ክፉ ተናግራ አታውቅም፤ ደግም እንዲሁ። ሲጠይቋት "ሥራ ትወዳለች" ትልና ወሬ ትቀይራለች። ምን ትበል? ልጅቷ ከሰላምታና "ምን ላምጣልዎት?" ከማለት አልፋ አታውቅም። በዚያ ቤት ከእሷ ይልቅ ሬዲዮው ያወራል።

አሁን ያቺው ምራት ከሰዉ መሀል ብቅ አለች። ሽርጧን አላወለቀችም፤ የሻምፑ አረፋ ክርኗ ላይ አለ። ፊቷ አመድ መስሏል።

"እማማ፣ ሚጢን አዩዋት?"

"የት አባቴ ላያት! በሩን ጠርቅመውብን! ነይ አብረን እንግፋ!"

ምራቷ አልገፋችም። በሩን የሚደበድበውን ባለታክሲ ክንዱን ያዘችው። ሰፈርተኛው አነዳዱን አይቶ "ፍሬን የለሽ" ብሎ ስም ያወጣለት ሰው ነው።

"ወንድሜ፣ የወደቀ ልጅ አይተሃል?"

"አምስት ናቸው እየተባለ እኮ ነው!"

"አንተ አይተሃል ወይ?"

"እኔማ... ዳቦ ጋጋሪው ነው የላከልኝ።"

ዳቦ ጋጋሪው ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ለብሶ እዚያው ቆሟል። "እኔን ምን ታፈጥጥብኛለህ? ለእኔ የላከችልኝ ልብስ ሰፊዋ ናት!"

ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ያገኘችው ከእህቷ ባል ነው። እሱም ከከተማው ማዶ ከሚኖር የሥራ ጓደኛው።

"ሰውየው እዚህ የሚማር ልጅ አለው?" አለች ምራቷ።

"ኧረ ገና አላገባም!" አለች ልብስ ሰፊዋ።

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቅ አመለጣትና አፏን በእጇ ያዘች።

አትክልት ሻጯ ደሟ ፈላ። "የወሬ ዘር የምትቆጥሪበት ሰዓት ነው አሁን? ውስጥ ያለችው ልጅሽ እኮ ናት!"

"ልጄ ስለሆነች ነው እማማ። በሩን ከሰበርነው ልጆቹ በእኛው እግር ነው የሚረገጡት። እውነት ከሆነ ቶሎ አውቀን ሐኪም ቤት እናድርሳቸው። ውሸት ከሆነም እንወቀው።"

ይህን ብላ በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ወጣች። "ሁለት ሰው ይግባ!" የሚል ጩኸት ተሰማ። አትክልት ሻጯ ድምፁ ከማን እንደወጣ ለማወቅ ዞር ዞር አለች፤ የምራቷ ነው። "አንዷ እኔ ልሁን። ሌላው ደግሞ እኔን የማያምነኝ ይሁን!"

"እኔ አላምንሽም!" አለ ፍሬን የለሽ።

"ጥሩ። ና እንሂድ።"

ዘበኛው በሩን ለሰው ማሾለኪያ ያህል ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

ውጭ የቀረው ሰው ድንጋዩን ጥሎ ይጠብቅ ጀመር። "ማን ናት?" ይላል አንዱ። "ፀጉር ሠሪዋ።" "ያቺ ዝምተኛዋ? አትበለኝ!" አትክልት ሻጯ ከንፈሯ በጸሎት ይንቀሳቀሳል፤ ጆሮዋ ግን የሚባለውን ሁሉ ይለቅማል። በፍርሃቷ መሀል አንዳች ነገር ደረቷን እየነፋው መጣ።

በሩ ሲከፈት ምራቷ ተመልሳ ድንጋዩ ላይ ወጣች።

"የምነግራችሁ ያየሁትን ብቻ ነው። የወደቀ ልጅ አለ።"

ሰዉ ጮኸ።

"ቆዩ፣ ልጨርስ! አንድ ልጅ ነው። ገና ሳይወጋ፣ ሰልፍ ላይ ሆኖ መርፌውን ሲያይ ነው የወደቀው። አሁን ብስኩት እየበላ ነው። ክንዳችንን አመመን የሚሉ ልጆችም አሉ፤ ነርሷ መርፌው ያረፈበት ቦታ ሊያም ይችላል ብላናለች። ብልቃጡን አሳይታናለች፣ ጊዜው አላለፈም። ከዚህ በላይ እኔም አላውቅም። ነርሷ ትመጣለች፤ የከበዳችሁን ሁሉ ጠይቋት።"

"የወደቀው የማን ልጅ ነው?"

ፍሬን የለሽ አንገቱን ደፋ። "የእኔው ነው" አለ። "ቤት ውስጥ እኮ አንበሳ ነበር!"

በሩን ሲደበድቡ የነበሩት ሁሉ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ልብስ ሰፊዋ ወዲያው ስልኳን አውጥታ ለእህቷ ባል ደወለች፤ ስድቡን ስታወርድበት እስከ መንገዱ ጫፍ ይሰማ ነበር። ነርሷም ወጥታ ከእያንዳንዱ ጋር ተነጋገረች። አንዳንዱ ጥያቄውን ጨርሶ ወደ ሥራው ሄደ፣ አንዳንዱ ግን ልጁን አስጠርቶ ይዞ ሄደ። ምራቷ ማንንም አልከለከለችም፣ በማንም ላይ አልሳቀችም።

ዳቦ ጋጋሪው ወደ አትክልት ሻጯ ጠጋ አለ። "ምራትዎ ናት አይደል?"

"የእኔ ናት" አለች፤ ቀና ብላ፣ ሌሎቹም እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

ዘበኛው ተራዋ ሲደርስ በበሩ ክፍተት አንገቱን አወጣ። "እማማ፣ የእርስዎንስ ልጥራት?"

"ሚጢ ገና አልተወጋችም" አለች ምራቷ ቀስ ብላ። "ሰልፍ ላይ ናት። እኔ ብትወጋ ደስ ይለኛል። ግን እርስዎ ከፈሩ..."

ፍርሃቱማ ገና አለ። አትክልት ሻጯ የምራቷን ፊት ለአፍታ ተመለከተች፤ ከዚያ ወደ ዘበኛው ዞረች።

"አትጥራት" አለችው። "ትወጋና ትማር።"