የወገራው በሬና የአዳሙ ካሜራ

ዝናቡ በሐምሌ ዘገየ። በነሐሴ መጣና አልሄድ አለ። ገብሱ እሸት እንደያዘ በረዶ ወረደበት። ከእርሻው የተረፈው ገለባ ብቻ ነበር፣ እሱም የበሰበሰ። ባቄላው ጠቁሮ ረገፈ። ሰው ሁሉ መኖ አጥቶ ከብቱን ይዞ ስለወጣ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ላይ ዋጋ ወደቀ። ቢያዝን ሁለት በሬ ነበረው። አንዱን ሳይከሳ ሸጠው።

የሽያጩን ብር ለዘር ሊያደርገው አስቦ ነበር። ልጁ እስከዳር ግን ሌላ ነገር ጠየቀችው። ጎንደር ፎቶ ቤት ተቀጥራ የሰው መብራት ስትሸከም፣ በሰው ካሜራ ስታነሣ ቆይታ፣ ቤቱ ሲዘጋ ተመልሳለች። ለጥር ሠርግ ያነጋገሯት ሙሽሮች አሉ። የራሷን ካሜራ ይዛ ከመጣች ሥራው የሷ ነው፤ ካልያዘች ሌላ ሰው ይጠራሉ።

«ካሜራ ምን ይበላል?» አላት።

«ባትሪ ነው አባ። መኖ አይልም።»

«ቢሞትስ?»

«እሱስ ሥጋው አይበላም» አለችና ሳቀች።

ቢያዝን በረዶ የደበደበውን ማሳ አየና፣ «ከማን ነው የምትገዢው?» አላት።

«አዲሱን አንችለውም። ያገለገለ በርካሽ የሚሸጥ ሰው ፒያሳ አለ። አዳሙ ይሉታል። የወገራ ሰው ነው አሉ፣ የኛው አገር።»

«እኔም እሄዳለሁ» አለ ቢያዝን።

አዳሙን ያውቀዋል። እስከዳር ገና ዳዴ ስትል፣ አዳሙ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ላይ አንድ ቀይ በሬ በዱቤ ገዛ። ሻጩ ዋስ አምጣ ሲለው ቢያዝን እጁን አነሣ። አዳሙ በሬውን ወደ ቤቱ አልነዳም፤ ሌላ ገበያ ወስዶ ሸጠና በዚያው ጠፋ። ዋስ የገባበትን ይወጣል። ቢያዝን ከጥማዱ አንዱን ፈትቶ ለሻጩ ሰጠ። ያን ዓመት እንደሱው አንድ በሬ ከቀረው ጎረቤት ጋር ተቀናጅቶ፣ ተራ እየጠበቀ አረሰ። ተራው ሲደርስ መሬቱ ደርቆ ነበር። ሚስቱ ታየች የዚያን ዓመት ረኀብ እስከ ዛሬ ታነሣለች። እሱ አንሥቶት አያውቅም፤ አልረሳውምም።

ጎንደር የገቡት ረፋድ ላይ ነው። የአዳሙ ሱቅ ከአንድ አሮጌ የጣሊያን ሕንፃ ሥር ናት። ግድግዳዋ በሙሽሮች ፎቶ ተሞልቷል፣ ሁሉም ፊታቸው በኖራ የተለሰነ ይመስል ነጭ። አዳሙ ወፍሯል። ቢያዝንን ሲያይ አንዴ ደንገጥ አለ፤ ወዲያው ግን ፊቱ በራ።

«አያ ቢያዝን። እኔ እኮ ሞተሃል ብለውኝ ነበር።»

«ማን አለህ?»

«ሰው ነዋ።»

አቅፎ ትከሻና ትከሻውን ሳመው። እጁ እንደ ሊጥ ለስላሳ ነው። ሽቶው ጋቢው ላይ ቀረ። ቢያዝን ጋቢውን አውልቆ፣ ገልብጦ ለበሰው።

ሻይና ዳቦ መጣ። ቢያዝን አልነካውም። ባለዕዳው ቤት የቀመሰ ሰው ይቅር እንዳለ ይቆጠራል፤ ያደገበት አገር ሕግ ይሄ ነው። አዳሙም የዚያው አገር ሰው ነውና ያውቀዋል። «ኧረ ብላ፣ አፈር ስሆን» እያለ ዳቦውን በጣቱ ገፋ፣ ደግሞም ገፋ። ሻይው ላይ ዝንብ ወደቀ።

ከዚያ ካሜራውን አወጣ። ጥቁር ነው፣ ትልቅ፣ ሌንሱ ፊቱ ላይ የተገጠመ። አዳሙ ሌንሱን እፍ አለበትና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። እስከዳር ፊቷን አጨማደደች።

«ዲኤስኤልአር ነው፣ ዋናው የባለሙያ ካሜራ» አለ አዳሙ። «ለሌላ የምለውን ለናንተ አልልም። ካሜራውንም ሌንሱንም በግማሽ ዋጋ ውሰዱ። ያቺም የድሮ ነገር በዚህ ትለቅ። ከኪሴ ነው የማወጣው።»

«የምን የድሮ ነገር?» አለች እስከዳር።

አዳሙ ካሜራውን ወደ እሷ ገፋ። ሌንሱን ፈታችና የስልኳን ባትሪ አብርታ አጮለቀች። «አባ፣ ና እይ።»

ቢያዝን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ። መስታወቱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ነገር ተሠርቷል።

«ሻጋታ ነው» አለችው። «ፎቶው ሁሉ ጭጋግ ይለብሳል።» ካሜራውንም ደጋግማ ተጫነችው። አንዳንዴ ቀጭ ይላል፣ አንዳንዴ ይታነቃል። «ይሄም አልቆለታል። ቀለበት ሲያጠልቁ ቢታነቅብኝ፣ እንደገና ተጋቡ አልላቸው።»

«ልጅቱ ተምራለች» አለ አዳሙ እየሳቀ። «ለገጠር ሠርግ ምን አነሰው?»

ቢያዝን ካሜራውን ትቶ አዳሙን አየ። ሌባ አይቶ ያውቃል። ሌባ ሲያዝ ያፍራል። ይሄኛው ግን የበላውን በሬ በሻጋታ ሊመልስ፣ ለዚያውም ግማሽ ዋጋ ሊቀበልበት፣ ጥርሱን እያሳየ ተቀምጧል። በአፉ የመረረ ምራቅ ሞላ። ወጥቶ ተፋው። ከዚያ የሱቁ ደፍ ላይ ተቀመጠ፣ በትሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ።

«አባ፣ እንሂድ» አለች እስከዳር ተከትላው። «ሌላ ቦታ እንፈልጋለን።»

«ተቀመጪ። እዚህ በሬ አለኝ» አላትና የሆነውን ባጭሩ ነገራት። እስከዳር ሱቁን ዞራ አየች፤ ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠች።

የሠርግ ፎቶ ሊያዩ የመጡ ወጣቶች ደፉ ላይ ደረሱ። «አባት፣ ያሳልፉን። ምን እየጠበቁ ነው?»

«በሬ።»

«እዚህ ሱቅ ውስጥ?»

«እዚህ ነው የገባው። ቀይ ነው። እስካሁን አልወጣም።»

ልጆቹ ሳቁ። በረንዳው ላይ ልብስ የሚሰፋው ኡዘይር የስፌት መኪናውን አቆመ። «አዳሙ፣ ከብት ማድለብ የጀመርከው መቼ ነው? ለጎረቤት እንኳ አይነገርም?»

ፀሐዩ በረንዳው ላይ ሲደርስ ኡዘይር በብርጭቆ ውሃ ይዞ መጣ። «ይጠጡ አባት፣ ንጹሕ ነው።» ቢያዝን መርቆ ተቀበለና እስከ ታች ጠጣው። አዳሙ ከመስታወቱ ኋላ ቆሞ ያያል። የሱን ሻይ ዝንብ እስኪገባበት ያልነካው ሽማግሌ የማያውቀውን ሰው ውሃ በሰፈሩ ፊት ጠጣ።

ወሬው ሰፈሩን ዞረ። አንድ ባለባጃጅ ሳይወርድ፣ «አዳሙ፣ በሬው አገሣ ወይ?» ብሎ አለፈ። ሁለት ሴቶች ሊገቡ ብለው፣ ጠየቁ፣ ሰሙ፣ ተመለሱ።

አዳሙ ወጣና ጎንበስ አለ። «አያ ቢያዝን፣ ምነው ስሜን ታጠፋለህ?»

«ስምህን አልጠራሁም።»

«ደንበኛ እየሸሸኝ ነው። የጥር ሠርግ አለብኝ።»

«እኔም እርሻ ነበረብኝ።»

አዳሙ ላቡን ጠረገ። «እሺ፣ ጊዜ ስጠኝ። ለፋሲካ እከፍልሃለሁ።»

«ሸጋ ነው። ዋስ ጥራ።»

አዳሙ ቀና አለ። ከጎኑ ያለውን ጫማ ሻጭ አየ፤ ጫማ ሻጩ ሳጥን ያነሣል። ቡና ቤቱ በር ላይ የቆመውን አየ፤ ሰውየው ወደ ውስጥ ገባ። በመጨረሻ ኡዘይርን አየው።

«እኔ ክር እያስገባሁ ነው» አለ ኡዘይር፣ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሣ።

ስንት ዓመት አብሯቸው ኖሯል። እጁን ያነሣ አንድም የለም። አዳሙ ያንን አየና ፊቱ አመድ መሰለ። ገባ። ሲወጣ እሱ ራሱ ሠርግ የሚያነሣበትን ካሜራ ከነቦርሳው ይዟል፤ እስከዳር ጭን ላይ ወረወረው ማለት ይቻላል።

እስከዳር አልተጣደፈችም። ሌንሱን ፈትታ በብርሃን አየችው። ተጫነችው፣ ደጋግማ። ኡዘይርን በመኪናው ላይ እንዳጎነበሰ አነሣችውና ፎቶውን አጉልታ የዓይኑን ሽፋሽፍት ሳይቀር አየች።

«እንዴት ነው?» አላት ቢያዝን።

«ንጹሕ ነው አባ። ሌንሱም ካሜራውም።»

«ስንት በሬ ያወጣል?»

አሰበች። «አንድ። ደህና አንድ በሬ።»

«የወሰደው አንድ ነው» አለ ቢያዝን።

«ቻርጀሩስ?» አለች እስከዳር። አዳሙ እሱንም አመጣ።

ቢያዝን ካሜራውን ከልጁ ተቀበለና ማንገቻውን በወፍራም ጣቶቹ ከግራም ከቀኝም መፍታት ጀመረ። «አባ፣ እሱ እኮ የካሜራው ነው» አለች። አልሰማትም። ከብት ሲያስረክቡ ገመዱ ለአስረካቢው ይመለሳል፤ በሬ ከነገመዱ የሚነዳ ሌባ ነው። ማንገቻውን ጠቅልሎ አዳሙ እጅ ላይ አኖረው።

«ገመድህ» አለው።

አዳሙ ግራ ገባው፤ ከዚያ አገሩን አስታወሰና ዓይኑን ሰበረ። «እንግዲህ ይቅር ተባባልን፣ አይደል አያ?» ብሎ ሊያቅፈው እጁን ዘረጋ።

ቢያዝን በትሩን በመሃል አቆመ። «የተከፈለው ዕዳው ነው» አለው። ወደ ኡዘይርም ዞረ። «ምስክር ትሆነኛለህ?»

«እሆናለሁ አባት።»

«አዳሙ የነበረበትን በሬ ዛሬ ተቀብያለሁ» አለ ቢያዝን፣ ሰፈሩ እንዲሰማው ጮክ ብሎ።