መቆለፊያ የሌለው በር

«ይሄኛውስ የማን ልጅ ነው?» አለ ሰውየው፣ ጣቱን ወደ ኃይለመስቀል ቀስሮ።

በለቅሶ ድንኳኑ ያለው ሁሉ ዞረ። ሰውየው በግ ነጋዴ ነኝ ብሎ ከሞላሌ ከተማ መጥቶ ከጠዋት ጀምሮ ተጎልቷል። በግ ነጋዴ እቴ! ስለ በግ አንድም ቃል አልተነፈሰም። የሚጠይቀው ስለ ሟች ጓደኛ፣ ስለ አንድ ጎፈሬያም ተማሪ ነው።

ጥሩሸዋ የሟች እናት ናት። የሚፈለገው ልጅ፣ ኃይለመስቀል፣ አጠገቧ ተቀምጧል፤ የሞተውን ልጇን የወንዳፈራሁን የሱፍ ባና ደርቦ። ትናንት ባናውን ይዞላት ሲመጣ ነው ሁሉንም የነገራት።

ወንዳፈራሁ ለክረምት በመጣ ቁጥር ስለዚያ የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ አውርቶ አይጠግብም ነበር። በንጉሡ ዘመን የአንድ መስፍን ቤት ነበር አሉ፤ ግድግዳው ጥርብ ድንጋይ፣ ደረጃው እንጨት። «እማዬ፣ ብርዱ ከጓሳ ተራራ ይብሳል» ብሎ ነው ባናውን የወሰደው። ደረጃው ስለሚንቋቋ ማን እንደመጣ በኮቴው ይለያሉ። የእነሱ ክፍል በር ግን መቆለፊያ የለውም። በደርግ ጊዜ ተማሪ ሊወስዱ የመጡ ሰዎች መቆለፊያውን በእርግጫ ገነጠሉት፤ እንደተገነጠለ ቀረ። ግርግር ሲነሳ አልጋ ያስደግፉበታል።

«አትፈሩም ታዲያ?» ስትለው፣

«በሩ ጋ የምተኛው እኔ ነኝ፤ ምን ያስፈራቸዋል?» ብሎ ይስቅባት ነበር።

የመጨረሻው ቀን ደረጃው በማያውቁት ኮቴ ተንቋቋ። ወንዳፈራሁ በሩን በጀርባው ደግፎ «ዝለል!» አለው ኃይለመስቀልን። እሱ በመስኮት ሲዘል ጥይት በሩን በስቶ ወንዳፈራሁን መታው። ግድያውን ያየ እሱ ብቻ ነው፤ ገዳዮቹ የሚፈልጉትም ለዚሁ ነው።

«የኔ ነው» አለች ጥሩሸዋ። «የሟች ታናሽ።»

ከወንዳፈራሁ ሌላ እንዳልወለደች ድንኳኑ ሙሉ ሰው ያውቃል።

«ታናሹ ከሆነ ለምን አልተላጨም? እናንተ ዘንድ ወንድሙ የሞተበት ይላጭ የለም እንዴ?» አለ ሰውየው።

በመሬት ድንበር ተጣልተው ከርመው ያላናገሯት ጎረቤቷ አቶ ገሠሠ ከወደ ጥግ ብድግ አሉ። ጥሩሸዋ አለቀልን አለች በልቧ።

«ከተማ ሄዶ ባልጎ ነዋ!» ብለው ጮኹ ገሠሠ። «ስንቴ ለፈለፍኩበት! ኧረ እንቺ፣ ላጪልኝ ይሄን ውርደታም!» ምላጭ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት።

«ይላጭ እንጂ! አሰደበን እኮ!» አሉ ሴቶቹ ተቀባብለው። ውሃ በጣሳ መጣ።

ራሱን በውሃ አርሳ ጀመረች። ጎፈሬው ባናው ላይ ተቆልሎ ወደቀ። ሰውየው ከኪሱ ፎቶ አውጥቶ አየ፤ ግማሽ የተላጨውን ራስ አየ፤ እንደገና ፎቶውን አየ። 

«እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ወጣ በመጨረሻ።

ገሠሠ ከድንኳኑ ደጅ ቆመው ሲርቅ አዩት። «ሄዷል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይብቃሽ በቃ፣ ጥሩሸዋ።»

አልሰማቻቸውም። እንባዋ እየወረደ እስከ መጨረሻው ላጨችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ለወንዳፈራሁ በልጅነቱ እንደምታደርግለት፣ ማጅራቱ ላይ የቀረውን ፀጉር እፍ አለችለት።