ውሃው አልመጣም

ለቀስተኞቹ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ማዕዱን ከበው ተቀምጠዋል። ቬኒያሚን ከሞተ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። እንደ አገሩ የሐዘን ልማድ መስታወቱ በአንሶላ ተጋርዷል፤ ፎቶግራፉ ፊት ቮድካ የሞላ ብርጭቆ ጥቁር ዳቦ ተከድኖበት ቆሟል። "በጥቅምት አንድ አጥንት" የሚባለው ለበረዷማዋ የፔርም ከተማ ጥቅምት አይሠራም፤ እዚያ በሬውን ሙሉ ቢበሉትም ብርዱ አይለቅም።

የሟቹ ሴት ልጅ ሪማ ሾርባ ስታቀርብ ሹክሹክታ ሰማች።

"የማሞቂያው ሙቅ ውሃ ከጠዋት ጀምሮ ለከተማው ተለቋል አሉ። የእኛ ቱቦ ግን ሬሳ ነው" አለ ከሦስተኛ ፎቅ የመጣው ፕሮኮር።

"አንተ ሽማግሌ፣ ሐዘን ቤት ነው እኮ!" ብላ የሟቹ ጎረቤት እትዬ ፋይና በክርኗ ጎሸመችው።

"ታዲያ እሷ ካልከፈተችው ማን ይክፈተው?"

"ምኑን ነው የምከፍተው?" አለች ሪማ።

ፋይና እጇን ይዛ ወደ መኝታ ቤት ወሰደቻትና በመስኮቱ ሥር ያለውን የማሞቂያ ብረት አሳየቻት። ጫፉ ላይ ትንሽ ብሎን አለች።

"አየሩ ሽቅብ ወጥቶ እዚህ ላይኛው ፎቅ ይታፈናል። ካልተነፈሰ ሙቅ ውሃው አይዞርም፤ እኛ ታች ያለነው በብርድ እናልቃለን። በየዓመቱ ውሃው ሲለቀቅ የሚያስተነፍሰው አባትሽ ነበር።"

ሪማ ብሎኗን በጣቷ ነካቻት። የተዳረችው ከዓመታት በፊት፣ እንዲሁ በጥቅምት ነበር። አባቷ በስልክ፣ "ውሃው አልመጣም ልጄ፤ ቤቱን ጥዬ መውጣት አልችልም" ብሏት ከሠርጓ ቀረ። የሰካራም ሰበብ መስሏት ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ከዚያ ወዲህ ለጠየቃት ሁሉ "አባቴን ውሃ ወሰደው" እያለች ታሾፋለች፤ የምን ውሃ እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልጠየቀችውም። አሁን ሁሉንም ማወቅ አማራት።

"የቤቱን ቁልፍ ለአንቺ ትቶ ሠርጌ መምጣት አይችልም ነበር?"

ፋይና በሩን ገርበብ አደረገች። "ውሃውማ ያኔ ከመጣ ሰንብቶ ነበር፣ ልጄ። አስተንፍሶ ጨርሶ ነበር። ሸሚዙን የተኮስኩለት እኔ ነኝ። ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄዶ ተመለሰ።"

"ለምን?"

"'አማቾቿ የተማሩ ናቸው፤ አፌ ይተሳሰርና አሳፍራታለሁ' አለኝ።"

"ሞኝ!" አለች ሪማ፤ እንባዋ መጣ። "እንዴት ያለ ሞኝ ነው! በቱታው ቢመጣስ ምን ነበረበት? በሩ ላይ ቆሜ እኮ ነው የጠበቅሁት!"

ፋይና አላባበለቻትም። መሳቢያውን ከፍታ ትንሿን መክፈቻ ሰጠቻትና ከብሎኗ ሥር ጣሳ ደቀነችላት።

"ቀስ ብለሽ፣ ጥቂት ብቻ አዙሪያት። ውሃ ሲመጣ ዝጊ።"

ሪማ ተንበረከከችና አዞረቻት። አየሩ እየፏጨ ወጣ፣ ወጣ፣ አላልቅ አለ። ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠችው። ከዚያ ተንተፋተፈና ጥቁር ውሃ ከጣሳው አልፎ ግድግዳው ሥር ወድቆ የነበረውን የአባቷን ጥንድ ግራጫ ካልሲ አራሰ። ዘጋችው። ብረቱ አጉረመረመ፤ መዳፏ ሥር ለብ ማለት ጀመረ።

"ሞቀ!" ብሎ ጮኸ ፕሮኮር ከሳሎን፤ ወዲያው ሐዘን ቤት መሆኑ ትዝ ብሎት ጩኸቱን ወደ ሳል ለወጠው።

ሪማ ካልሲዎቹን አነሳች። ጨመቀቻቸው፤ ተረከዛቸውን አቃንታ ብረቱ ላይ ጎን ለጎን አሰጣቻቸው።

"እስከ ማታ ይደርቁለታል" አለች።